የማይመክር መካሪ፦ የሥነ ልቡና ምክር ከየት መጣ?

አንድ ጎረቤታችን ከክሊኒኩ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ሦስት ማክሰኞ ተመላልሶ በአራተኛው ቀረ። ምክንያቱን ብንጠይቀው፣ «አንድም ምክር አልሰጠችኝም» አለን። «ስናገር ትሰማለች፤ ዝም ስል ዝም ትላለች፤ አስተርጓሚው እንኳ ሥራ አጥቶ ያንቀላፋል። ሰዓቱ ሲሞላ ‹የሚመጣው ማክሰኞ እንገናኝ› ትለኛለች። ዝም ለማለትማ ቤቴ ምን አለኝ!» ቡና ላይ ነበርንና ሁላችንም ሳቅን። ሰውየው በአገር ቤት የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ቀልድ ያውቅበታል። ይሁን እንጂ ዛሬም ሌሊት እንደማይተኛ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ተነሥቶ በር ላይ እንደሚቆም፣ የጄኔሬተር ድምፅ ድንገት ሲነሣ ላብ እንደሚያጠምቀው እናውቃለን። ይህን እንድንጽፍ ፈቅዶልናል፤ ስሙን ግን አንጽፍም።

ያ ሳቅ እያደር ከነከነን። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን ሥነ ልቡና የሚባል ትምህርት ወስደናል፤ የፍሮይድንና የሌሎቹን ስም ለፈተና ሸምድደን በማግሥቱ ረስተነዋል። ያቺ ክፍል ምን እንደምትሠራ፣ የሚገባባትም ሰው ምን መጠበቅ እንደሚገባው ለአንድ ጎረቤት እንኳ በቅጡ ማስረዳት አልቻልንም። ስለዚህ ነገሩ ከየት ተነሥቶ እስከዚህ በረሃ እንደ ደረሰ ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ፈለግን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስሕተቱ በከፊል የቃሉ ነው ብለን እናምናለን። በእኛ አነጋገር ምክር ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው፤ ሽማግሌው ይናገራል፣ ታናሹ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። አልሰማም ያለውንም «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብለን እንተወዋለን። በክፍሏ በር ላይ «የሥነ ልቡና ምክር አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ያን አንብቦ የሚገባ ሰው እንደ ዱቄትና እንደ ዘይት ተሰፍሮ የሚሰጠው ምክር ይጠብቃል፤ ባዶ እጁን ሲወጣ ተታለልኩ ቢል አይፈረድበትም። ሥራው ግን ከመነሻው በተቃራኒው ነበር የተጀመረው፦ ሐኪሙ ዝም አለ፣ ታማሚዋ ተናገረች።

ቦታው የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና፣ ጊዜው ከ1880 መጨረሻ እስከ 1882 አጋማሽ ነው። ቤርታ ፓፐንሃይም የተባለች የ21 ዓመት ወጣት፣ ከደኅና ቤተሰብ የተወለደች አይሁዳዊት፣ በጠና የታመመ አባቷን ሌሊት ሌሊት ስታስታምም ከርማ ራሷ ታመመች። ቀኝ እጇና እግሯ አልታዘዝ አሏት፤ ሳል ያዛት፤ ዓይኗ ታወከ፤ አንዳንድ ጊዜም የእናት ቋንቋዋን ጀርመንኛን ፈጽማ ትረሳና በእንግሊዝኛ ብቻ ትናገር ነበር። በ1881 አባቷ ሲሞት ደግሞ ባሰባት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለችውን ሴት በቀዝቃዛ ውሃ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በግዴታ ዕረፍት ማከም የተለመደ ነበር። ሐኪሟ ዮሴፍ ብሮየር ግን እየመጣ አጠገቧ ተቀምጦ ሰማት። የተናገረች ዕለት ቀለል እንደሚላት፣ ያልተናገረች ዕለት እንደሚብስባት ሁለቱም አስተዋሉ። ለነገሩ ስም ያወጣችለት ራሷ ናት እንጂ ሐኪሙ አይደለም። በዚያው በእንግሊዝኛዋ አንድ ጊዜ «የንግግር ፈውስ»፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ እየቀለደች «የጭስ ማውጫ መጥረግ» አለችው። የእኛ ጎጆ የጭስ ማውጫ ባይኖረውም ጥቀርሻ ምን እንደ ሆነ እናውቃለንና አባባሉ አይጠፋንም።

ብሮየርና ወዳጁ ሲግመንድ ፍሮይድ ይህን ታሪክ በ1895 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ «አና ኦ.» በሚል መሸሸጊያ ስም አወጡት። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ልጅቱ ተናግራ ዳነች ብሎ ይዘጋዋል። እውነቱ ግን እንዲያ ቀና አልነበረም። በ1882 በጋ ወደ ስዊዘርላንድ ተወስዳ ክሮይትስሊንገን በሚባል ቦታ ባለ የሕክምና ቤት ተኝታለች፤ ከዚያም በኋላ ለጥቂት ዓመታት ሕክምና ቤት ትገባና ትወጣ ነበር። ይህን የሚያስረዱትን የቆዩ ሰነዶች ፈልጎ በ1972 ይፋ ያደረገው ኤለንበርገር የተባለ የታሪክ ሰው ነው። ይህን የምንጽፈው ነገሩን ለማጣጣል አይደለም፤ ፈውሱ ከጅምሩ ከሚገባው በላይ ተወርቶለት እንደ ነበር አንባቢ ይወቅ ብለን ነው። ማንም ሰው በሦስት ማክሰኞ አልዳነም።

እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቷ ነው። ፍራንክፈርት ወደተባለው የጀርመን ከተማ ሄዳ በ1895 የሴቶች ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ኃላፊ ሆነች፤ በ1904 የጀርመን አይሁድ ሴቶችን ማኅበር አቋቋመች፤ በ1907 ደግሞ ከጋብቻ ውጭ ለወለዱና ለተጋለጡ ልጃገረዶች መጠጊያ ቤት ከፈተች። በ1936 አረፈች፤ በ1954 ምዕራብ ጀርመን ምስሏን በፖስታ ቴምብር አተመችው። ስለ ወጣትነቷ ሕመም ግን በአደባባይ ተናግራ አታውቅም። የንግግርን ፈውስ ስም ያወጣችለት ሴት ምሥጢሯን ለዓለም አላወራችም። ለአንድ ሰው በተዘጋ በር መናገርና በገበያ መናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከእሷ በላይ ያሳየን የለም።

ፍሮይድ ሙያውን አስፋፋው። ባለጉዳዩ በድንክ አልጋ ላይ ተጋድሞ ወደ ሐሳቡ የመጣውን ሁሉ ሳይመርጥ ይናገራል፣ ሐኪሙም ከራስጌው በኩል ተቀምጦ ይሰማል። ከትምህርቱ ውስጥ ብዙው ዛሬ በሙያው ሰዎች ዘንድ ተቀባይነት የለውም፤ ስለ እሱ ብዙ ስለ ተጻፈም አናስረዝምም። አንድ ነገር ብቻ እናክል፦ በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ የ82 ዓመቱ ሽማግሌ አገሩን ጥሎ ወደ ሎንዶን ተሰደደ፤ በማግሥቱ ዓመትም እዚያው አረፈ። በቪየና የቀሩት አራት እኅቶቹ በናዚዎች እጅ አለቁ። ያ ድንክ አልጋ እንኳ አብሮት ተሰዷል።

ንግግር ከባለጸጋ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው ሰው መቅረብ የጀመረው በጦርነት ምክንያት ነው። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ ጥይት ያልነካቸው ወታደሮች እየተንቀጠቀጡ፣ ድዳ እየሆኑ፣ ዓይናቸው እየጠፋ ከምሽግ ይመለሱ ጀመር። ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1915 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ስለ እነርሱ ሲጽፍ በሽታውን «የመድፍ ድንጋጤ» አለው። አዛዦች ግን ብዙውን ጊዜ «ፍርሃት» ነበር የሚሉት። በዚያ ጦርነት የእንግሊዝ ጦር በመክዳት፣ በፈሪነትና በመሳሰለው ወንጀል ከረሸናቸው ወታደሮች መካከል 306ቱ ይቅርታ የተደረገላቸው በ2006 ነው፤ ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ። ድዳ የሆነውን ወታደር ድምፅ እስኪያወጣ ድረስ ጉሮሮውን በኤሌክትሪክ የሚያስጨንቁ ሐኪሞችም ነበሩ።

በስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ አጠገብ፣ ክሬግሎክሃርት በተባለ ሆስፒታል ግን ዊልያም ሪቨርስ የሚባል ሐኪም ሌላ መንገድ ያዘ። ሰውየው ቀደም ብሎ በሩቅ አገር ሕዝቦች መካከል እየተዘዋወረ አኗኗራቸውን ያጠና ስለ ነበር መስማት የለመደ ይመስለናል። በ1917 መጨረሻ ባደረገው ንግግር ያስተዋለውን አስረዳ። ወደ እሱ የሚመጡት መኮንኖች ሁሉ ከዘመድም ከሐኪምም የተሰጣቸው ምክር አንድ ነበር፦ እርሳው፣ አታስበው፣ ሐሳብህን ወደ ደስታ መልስ። እነርሱም ምክሩን በታዛዥነት ይፈጽማሉ፤ ቀኑን ሙሉ ይታገሉታል፤ ሌሊት ግን ያ የተባረረው ነገር በቅዠት ተመልሶ ይመጣል። እኛ ይህንኑ ምክር «ሆድ ይፍጀው» እንለዋለን። ለስንት ሰው እንዳልነው ቢቆጠር!

ሪቨርስ ሁለት ሰዎችን ያነሣል። አንደኛው የቅርብ ጓደኛውን በመድፍ ተበጣጥሶ ያገኘው መኮንን ነው። ያን ለመርሳት በታገለ ቁጥር ሌሊት ሬሳው እየመጣ ያስፈራራዋል። ሪቨርስ አስጨንቆ አላስረሳውም፤ ስለዚያው ነገር አነጋገረው። ሲነጋገሩም የሬሳው ሁኔታ ጓደኛው ሳይሠቃይ በቅጽበት መሞቱን የሚያሳይ መሆኑን ነገረው። መኮንኑ ይህን ጎን አስቦት አያውቅም ነበር። ቅዠቱ ለብዙ ሌሊት ቀረ፤ ኋላ ጓደኛውን በሕልሙ ቢያይም ያየው በሐዘን እንጂ በድንጋጤ አልነበረም። ለእኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ነገር ይኸው ነው፦ ንግግር ሐዘንን አያጠፋም፤ ድንጋጤን ወደ ሐዘን ይለውጣል። ሐዘን ደግሞ ሰው የሚችለው ነገር ነው፤ ለእሱ ለቅሶ ቤት አለን፣ ንፍሮ አለን፣ ዐርባ አለን። ሁለተኛው ሰው ልንጽፈው የሚከብደን ነገር የደረሰበት ነው። ለእሱ ሪቨርስ የሚያጽናና ምንም ጎን አላገኘለትም፤ ከጦሩ ወጥቶ ቀድሞ ዕረፍት ወዳገኘበት ገጠር ቢሄድ ይሻለዋል አለ፤ ያልቻለውንም አልቻልኩም ብሎ ጻፈ።

ነገር ግን አንድ ነገር አንሸሽግም። ክሬግሎክሃርት የመኮንኖች ሆስፒታል ነበር፤ ተራው ወታደር እንዲህ ያለ ጆሮ እምብዛም አላገኘም። ሪቨርስም ደመወዙን የሚቀበለው ከጦሩ ነው፤ ሥራው ሰዎቹን አድኖ ወደ ምሽጉ መመለስ ነበር። ጦርነቱን በይፋ የተቃወመው ባለቅኔ ሲግፍሪድ ሳሱን እንኳ በ1917 በዚያ ቆይቶ ወደ ጦሩ ተመልሷል። እንግዲህ ማንም ሰው ወደ እንዲህ ያለ ክፍል ሲገባ «የሚሰማኝ ሰው የሚሠራው ለማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ጥርጣሬ አይባልም። በዚህ ካምፕ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን አለበት እንላለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከሐኪም እጅ ወጥቶ ዛሬ «ካውንስሊንግ» ወደሚባለው ሥራ ያደረሰው ካርል ሮጀርስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ሮጀርስ ከ1928 ጀምሮ ሮቸስተር በተባለች ከተማ ከችግረኛ ልጆች ጋር ይሠራ ነበር። አንድ ጊዜ አስቸጋሪ ልጅ ያላት እናት መጣች። ጥፋቱ የእሷ አያያዝ መሆኑን ሊያሳያት ለብዙ ሳምንት ደከመ፤ አልሆነም። አልቻልንምና ይቅር ተባብለው ተነሡ። ሴትየዋ በሩ ዘንድ ስትደርስ ዘወር ብላ፣ እዚህ ቤት ትልልቅ ሰዎችንስ ትቀበላላችሁ? ብላ ጠየቀችው። እንቀበላለን ሲላት ተመልሳ ተቀመጠችና ስለ ትዳሯና ስለ ኑሮዋ ዘረገፈችው። ሮጀርስ ከዚያ ቀን ጀምሮ የት እንደሚያም የሚያውቀው ራሱ ባለሕመሙ መሆኑን ተማርኩ ይላል።

በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ እሱ የሚመጣውን ሰው «በሽተኛ» ማለት ትቶ እኛ በየመሥሪያ ቤቱ «ባለጉዳይ» በምንለው ስም ጠራው። ቃሉን በአማርኛ ስናስበው እንዲያውም ይበልጣል፤ ጉዳዩ የራሱ የሰውየው ነው፣ ባለቤቱ እሱ ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የአንድ ባለጉዳይና የመካሪው ንግግር በሸክላ ተቀድቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታትሟል። ከዚያ በፊት በተዘጋ በር የሚሆነው ነገር የሚታወቀው መካሪው በኋላ ሲያወራው ብቻ ነበር። በ1957 ደግሞ መካሪ ሊኖሩት ይገባል ያላቸውን ዋና ዋና ነገሮች ጻፈ፤ የሌላውን ስሜት በእሱ ቦታ ሆኖ መረዳት፣ ሳይፈርዱ መቀበል፣ ሳያስመስሉ እውነተኛ መሆን። ምክር ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

እኛ መምህራን ይህን ስናነብ አፈርን። በክፍል ውስጥ አንድ ልጅ አልቅሶ ወደ እኛ ሲመጣ ገና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ መፍትሔ የምንነግረው እኛ አይደለንም እንዴ? በዚህ አገር ከመምህር የባሰ መስማት የማይችል ካለ ካህን ወይም ካድሬ መሆን አለበት።

ለመሆኑ መሰማት ለእኛ ባህል እንግዳ ነገር ነውን? አይደለም። የንስሐ አባት አለን፤ ምሥጢር ይጠብቃል። ሽማግሌ አለን፤ ያስታርቃል። በቡና ላይ ሴቶች ከአቦል እስከ በረካ የሚተነፍሱት ነገር ስንቱን ቤት አቁሟል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ለንስሐ አባት የሚነገረው ኃጢአት ነው፤ የደረሰብን ግፍ ግን ኃጢአታችን አይደለም። ለሽማግሌ የሚነገረው ጠብ ነው፤ ሌሊት በሕልም ከሚመጣ ነገር ጋር ሽማግሌ አያስታርቅም። ቡና ላይ የተነገረውን ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል። የአእምሮ ሕመም ሲነሣማ አዲስ አበባ ውስጥ «አማኑኤል ያስፈልገዋል» ማለት ስድብ ሆኖ ስላደግን አፋችንን እንዘጋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን እንደብቃለን።

ይሠራል ወይ? የሚለው ክርክር ረጅም ነው፤ በአጭሩ እንለፈው። በ1952 ሃንስ አይዘንክ የተባለ፣ ራሱ ከናዚ ጀርመን ወደ እንግሊዝ የተሰደደ ምሁር፣ ከተጨነቁ ሰዎች ሁለት ሦስተኛው ቢታከሙም ባይታከሙም በሁለት ዓመት ውስጥ ይሻላቸዋል ብሎ ጽፎ የሙያውን ሰዎች አስቆጣ። በ1977 ስሚዝና ግላስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 375 ያህል ጥናቶችን አንድ ላይ ደምረው ሲያሰሉ ሕክምናውን ያገኘ መካከለኛ ሰው ካላገኙት ከመቶ 75ቱ ተሽሎ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው የትኛው ዓይነት፣ ለማን፣ መቼ ወደሚለው ዞረ።

«መቼ» የሚለው ቀልድ አይደለም። በ1980ዎቹ አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያውኑ፣ በዚያው ሰሞን፣ አንድ ጊዜ አስቀምጦ ሁሉንም ማናገር ትልቅ ፋሽን ሆነ። በኋላ ጥናቶቹ ሲመረመሩ ይህ አሠራር ሕመሙን እንደማይከላከል፣ አንዳንዱንም ሊጎዳ እንደሚችል ታወቀ። ስለዚህ ትናንት ድንበር ተሻግሮ የመጣን ሰው ከብበን «ምን አዩ? እስቲ ይንገሩን» የምንል ሁሉ ብንተው ደግ ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ምግብ፣ መኝታ፣ የጠፋ ዘመድ ፍለጋ ይቅደም።

አሁን ወደ እኛ አህጉር እንምጣ። በ1954 አዴኦዬ ላምቦ የተባለ ናይጄሪያዊ የአእምሮ ሐኪም አሮ በተባለ ቦታ፣ አቤኦኩታ ከተማ አጠገብ፣ በሽተኞቹን ከአጥር ውስጥ አውጥቶ በአካባቢው መንደሮች ከዘመዶቻቸው ጋር እንዲኖሩ አደረገ፤ የአገሩንም ባህላዊ ሐኪሞች አብሯቸው እንዲሠሩ ጋበዘ። ሰው ከሰው ተነጥሎ አይድንም የሚለውን እኛ በጸበል ቦታ የምናውቀውን ነገር እሱ በሆስፒታል አሳየው።

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ግን በኡጋንዳ የተደረገው ነው። በሰሜን፣ ኢምቬፒ በሚባል የስደተኞች ሰፈር፣ ሕመማቸው የጸና 43 ሱዳናውያን ስደተኞች በሦስት ተከፍለው ታዩ፤ ውጤቱ በ2004 ታተመ። አንዱ ቡድን ስለ ሕመሙ ትምህርት ብቻ ተሰጠው። ሁለተኛው አራት ጊዜ እየተገናኘ የሚያበረታታ ምክር አገኘ። ሦስተኛው ደግሞ አራት ጊዜ እየተገናኘ የሕይወቱን ታሪክ ከልደት ጀምሮ በቅደም ተከተል ተናገረ። በዚህ ዘዴ ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ክፉው ቀን የሆነበት ቦታ ድንጋይ፣ ደጉ ቀን የሆነበት ቦታ አበባ ይቀመጣል። ባለታሪኩ ይናገራል፣ መካሪው ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ያነብለታል፤ የጎደለው ይሞላል፤ በመጨረሻ ጽሑፉ ለባለቤቱ ይሰጠዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ከመጀመሪያው ቡድን ከመቶ 80ው፣ ከሁለተኛው ከመቶ 79ኙ አሁንም ሕመሙ ነበረባቸው፤ ታሪካቸውን ከተናገሩት ግን የቀረበት ከመቶ 29ኙ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ በምዕራብ ኡጋንዳ ናኪቫሌ በሚባለው ሰፈር፣ የእኛም ወገኖች በሚኖሩበት፣ 277 ሩዋንዳውያንና ሶማሌዎች በተመሳሳይ መንገድ ታዩ፤ ይህ በ2008 ታተመ። በዚህኛው መካሪዎቹ ዶክተሮች አልነበሩም፤ ከስደተኛው መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ታሪካቸውን በቅደም ተከተል ከተናገሩት ከመቶ 70ው፣ በሌላ ዓይነት ምክር ከታዩት ከመቶ 65ቱ ሕመሙ ለቀቃቸው። ምክር ሳያገኙ በክትትል ብቻ ከቆዩትም ከመቶ 37ቱ ተሻላቸው። ሦስቱንም ቁጥር እኩል አስታውሱ። ብዙ ሰው በጊዜና በጎረቤት ብቻ ይሻለዋል፤ ሲነገረው ደግሞ የሚሻለው ቁጥር እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ እንዲያም ሆኖ ከመቶ 30 ያህሉ ስድስት ጊዜ ተቀምጠው ተናግረው ሕመሙ አልለቀቃቸውም። ሁሉንም አድናለሁ የሚል መካሪ ቢያጋጥመን እንጠርጥረው።

ስለ ስም ስናወራ ነበርና ዚምባብዌን ሳናነሣ አናልፍም። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ2006 በሐራሬ ከተማ ምባሬ በተባለው የድሆች ሰፈር ሥራ ሲጀምር፣ ሰፈሩ ከአንድ ዓመት በፊት በመንግሥት የቤት ማፍረስ ዘመቻ ተመትቶ ነበር። ክፍልም፣ ሠራተኛም አልነበረውም፤ የተሰጡት 14 አሮጊቶች ነበሩ። በክሊኒኩ ግቢ አግዳሚ ወንበር አኑሮ አሮጊቶቹን አሠለጠነ። ወንበሩን መጀመሪያ «የአእምሮ ጤና ወንበር» ቢለው ማንም ሊቀመጥበት አልፈለገም። አሮጊቶቹ ገሠጹትና ስሙ «የወዳጅነት ወንበር» ሆነ፤ ሰውም መጣ። ሕመሙንም በፈረንጅ ስም አይጠሩትም፤ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። እኛስ «ሐሳብ ገደለው» እንል የለም? በ2016 በታተመ ጥናት 573 ሰዎች ታይተው ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የቀረባቸው ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ከመቶ 14 ያህል፣ ካልተቀመጡት ግን ከመቶ 50 ያህል ሆነው ተገኙ።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ የክፍሏን ሠራተኛ ሄደን አነጋገርናት። ለማን ነው የምትሠሪው? ደብተሩስ የት ይሄዳል? አልናት። ደብተሩ ተቆልፎ እንደሚቀመጥ፣ ወደ ሌላ ቢሮ እንደማይሄድ፣ ባለጉዳዩ ምን እንደ ተጻፈ መጠየቅ እንደሚችል ነገረችን። ምሥጢሩ የሚፈታው ሰውየው ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊያጠፋ ሲያስብ፣ ወይም ሕፃን ሲጎዳ ነው፤ ያንንም በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ትናገራለች። በካምፑ «ጭንቀት አለብህ ተብሎ ከተጻፈ ፕሮሰስ ይፈጥናል» የሚሉ አሉ፤ «ተበላሸ ማለት ነው» የሚሉም አሉ፤ እሷ ግን በዚህ ክፍል ፋይል አይፈጥንም አይዘገይም አለችን። ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ትሰጣለች። የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ይበዛዋል። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው በኋላ ሕልም ሊበዛ፣ ሆድም ሊብስ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚቀረው በዚያን ጊዜ ነው። አልናገርም ማለት ይቻላል፤ ሌላ መካሪ መጠየቅም ነውር የለበትም። የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ መብላትና መተኛት ጨርሶ የተወ፣ ሞትን የሚያስብ ሰው ግን ማክሰኞን አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ፣ መድኃኒትም ሊያስፈልገው ይችላል።

ረቂቁን ለጎረቤታችን አነበብንለት። የሪቨርስን ሁለት ሰዎች ዝም ብሎ ሰማ። ቆይቶ፣ «እውነቱን ልንገራችሁ» አለ። «የቀረሁት በምክሩ አይደለም። አስተርጓሚው ልጅ የእድራችን ሰው ነው። አባቱን አውቃቸዋለሁ። እሱ እየሰማኝ ያን ነገር እንዴት አድርጌ ልናገር?» ቡና ላይ ስንስቅ ይህን አልጠረጠርንም ነበር። በሦስቱም ማክሰኞ ስለ መኪናና ስለ መንገድ ብቻ ነበር ያወራው።

በማግሥቱ አብረነው ሄድን፤ እኛ ውጭ ቆየን። አስተርጓሚ እንዲለወጥለት ጠየቃት፤ ለጊዜው ሌላ የለም አለችው። እንግዲያው እዚሁ በተማርኳት ሰባራ ስዋሂሊ እሞክራለሁ አላት። ማክሰኞ ጧት ደግሞ ዱቄት የሚታደልበት ቀን ነውና ሰዓቷን ወደ ዘጠኝ እንድትለውጥለት ለመናት፤ ለወጠችለት። ሲወጣ ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየና፣ «መጀመሪያ ‹ምክር› የምትለዋን ፍቁልኝ» አለን። በምን እንደምንተካት ገና አልተስማማንም፤ የተሻለ ስም ያለው አንባቢ በወረቀት ጽፎ በቤተ መጻሕፍቱ ሣጥን ይክተትልን።